«በሕግ አምላክ!» ሲሉት የሚቆም ፖሊስ

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል ነበርን። ሀዋሳን ለማያውቅ አንባቢ፦ አሞራ ገደል ማለት አጥማጆች ጠዋት ከሐይቁ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ዳር ላይ እየበለቱ የሚሸጡበት፣ አባ ኮዳዎችም የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው እንደ ቀበሌ ስኳር ተሰላፊ ተደርድረው የሚጠብቁበት ቦታ ነው። የተጠበሰ ዓሣ አዝዘን ስንቆረጥም አንድ የሰፈራችን ልጅ አብሮን ነበር። ስሙን አንጠራም፤ «ወንድማችን» እንበለው። ለፖሊስነት ሥልጠና ከገባ ወራት ተቆጥረዋል። ለጥቂት ቀናት ፈቃድ አግኝቶ ነው የመጣው። ፊቱ ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ትከሻው ግን ሰፍቷል። እናቱ «ልጄ ሰው ሆነ» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ቡና አፍልተዋል።

«ለመሆኑ እዚያ ምን ተማራችሁ?» አልነው።

ሰልፉን ነገረን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው የሚሮጡትን ሩጫ ነገረን። ክላሽ ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ እንደሚገጥም ነገረን፤ በዓሣ እሾህ ሊያሳየን ሁሉ ሞከረ። ሳቅን። ከዚያ ከመካከላችን አንዷ ጠየቀችው።

«እሺ፣ አንድ ሰው ልትይዝ ሄድክ እንበል። መጀመሪያ ምን ትለዋለህ?»

«ና! ነዋ።»

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል» አለ እየሳቀ።

እኛም ሳቅን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ያቺ «ይመጣል» ባጃጁ ውስጥ አብራን ተሳፈረች። ወንድማችን ክፉ ልጅ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ መሃል የሚገባ፣ የአሮጊት ጆንያ ተሸክሞ የሚያደርስ ልጅ ነው። ነገ ግን መለዮ ለብሶ፣ መሣሪያ ታጥቆ አንዱ መንገድ ላይ ይቆማል። ያኔ «ና!» ሲል የሚመጣው ሰው እኛ ልንሆን እንችላለን። አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ፤ አንተም እንደዚያው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ ሳይሆን ስለዚህች «ና!» እናውራ። (ፖለቲካው ራሱ ሰተት ብሎ ከገባ ግን አናስወጣውም።)

ቃሉ የእኛ ነው

ጥንት ፖሊስ የሚባል አልነበረም። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲጋጭ፣ ባለዕዳ አልከፍልም ሲል፣ የተበደለው ሰው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ያኔ ያኛው ይቆማል። የሚያስቆመው ጠመንጃ ሳይሆን ቃል ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ከነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ «ቁራኛ» ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» የምንለው ቃል ከዚያ የተረፈን ነው። ልብ በሉ፦ የታሰረው ተከሳሹ ብቻ አይደለም። ከሳሹም አብሮ ታስሯል። ነገሩ ዳኛ ፊት እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም እኩል ናቸው።

ሌላም ነገር ነበረን፤ ይሄኛው ብዙም አያኮራም። «አውጫጭኝ» ይባላል፤ «አፈርሳታ» የሚሉትም አሉ። አገር ውስጥ ሌባ ጠፋ፣ ነፍሰ ገዳይ ጠፋ ሲባል የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይቅር፣ ከብቱ ይጥፋ፣ ልጁ ይራብ። አንድ ሰው ለመያዝ ሁሉን ሰው መያዝ ማለት ነው።

ይህን ስታነቡ አንድ ቃል ትዝ አላላችሁም? «አፈሳ!» ሞባይል ነጠቃ በዛ ሲባል አመሻሽ ላይ ፒክአፕ መጥቶ ጠርዝ ላይ የቆመውን፣ ጫት ቤት የተቀመጠውን፣ ጸጉሩን ያጎፈረውን ሁሉ ጭኖ ይሄዳል። ከዚያ ጣቢያ ውስጥ «አንተ ማነህ?» ይባላል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ ወንጀሉ፣ ከዚያ ጥርጣሬው፣ ከዚያ ሰውየው መሆን ሲገባው፣ መጀመሪያ ሰውየው ተያዘ፤ ወንጀሉ በኋላ ይፈለግለታል። አውጫጭኝ መኪና ገዛ ማለት ይሄ ነው።

የእኛ ክርክር አጭር ናት። ወንድማችን ከሁለቱ ውርሶች የትኛውን ይዞ ነው ከማሰልጠኛ የሚወጣው? «በሕግ አምላክ» ሲሉት የሚቆም ፖሊስ ሆኖ ነው ወይስ አውጫጭኝን በመለዮ የሚመራ? ይህ የሚወሰነው ክላሽ በመፍታቱ ሳይሆን በጣት በሚቆጠሩ የሕግ አንቀጾች ነው።

ከአሜሪካ ፊልም በፊት

የእኛ ትውልድ «ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ነገር ሁሉ…» የሚለውን ከሆሊዉድ ፊልም ነው የለመደው። ብዙዎቻችን ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለናል። እንግዲህ ይህን ስሙ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ማስጠንቀቂያ በፖሊሶቹ ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረገው በአሪዞናው የሚራንዳ ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1958 መሆኑ ነው። የእኛ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት ፖሊስ የሚጠይቀው ሰው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ያለመመለስ መብት እንዳለው፣ ከተናገረም ቃሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ሕጉ ብዙ ነገር ከእንግሊዝ ሥርዓት መውሰዱ እውነት ነው። ቢሆንም በወረቀት ደረጃ ከሚራንዳ አምስት ዓመት ገደማ ቀድመናል! አያቶቻችን ወጣት ሳሉ የተጻፈ መብት ነው፤ እኛ ግን ከፊልም ተማርነው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ይህንኑ አጠንክሮታል። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ላለመናገር መብት እንዳለው ይነገረው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሁን።

«በሚገባው ቋንቋ» የምትለዋ ሐረግ ለሀዋሳ ተቆርጣ የተሰፋች ናት። ይህች ከተማ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ከምባትኛ የሚነገርባት ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከየገጠሩ ስንት እህቶቻችን መጥተዋል። ከገጠር ትናንት የገባች ልጅ በማይገባት ቋንቋ «ፈርሚ!» ብትባል፣ የፈረመችው ምኑን ነው?

ከ«ና!» በፊትና በኋላ

እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም፤ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ግን ለወንድማችን በአንድ ገጽ ጻፉልኝ ቢለን ይህን እንጽፍለት ነበር።

አንደኛ፦ ወንጀል ምንድን ነው? በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ሲሟሉ ነው ይላል። በሰፈርኛ ስንተረጉመው፦ ሕጉ የከለከለው ነገር መሆን አለበት፤ ሰውየው ያን ነገር በተግባር ማድረግ አለበት (ወይም ማድረግ የነበረበትን ሳያደርግ መቅረት)፤ ደግሞም አስቦ ወይም ሕጉ ከሚጠይቀው ጥንቃቄ ጎድሎ መሆን አለበት። ጸጉር ማጎፈር ከሦስቱ ውስጥ የለም። ሱሪ መቅደድም የለም። «ዓይኑ አላማረኝም» የሚባል ፍሬ ነገር ሕጉ ውስጥ ፈልገን አጣን። በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ ይህን መስመር ክፉኛ አደብዝዞት እንደነበር እናውቃለን። አንድን ሰው ባደረገው ሳይሆን በሚመስለው ነገር መጠርጠርን ቀላል አድርጎታል። መሠረታዊው መርህ ግን ያው ነው፤ የሚያዘው ድርጊት ነው።

ሁለተኛ፦ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝ የሚቻለው መቼ ነው? እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ይቻላል፤ ያውም ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ። ፖሊስ ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አንድን ሰው የሚያጠራጥር በቂ ምክንያት ሲኖረው ይይዛል። ሌሎችም የተዘረዘሩ ሁኔታዎች አሉ። ከዚያ ውጪ መንገዱ መጥሪያ ወይም የመያዣ ትዕዛዝ ነው። «አለቃ ጥራው ብሎኛል» ትዕዛዝ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ቤት ስለመፈተሽ። በመርህ ደረጃ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የሚፈተሸውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሕግ አውጪው ለምን ሰዓት ቆረጠ? ሌሊት በር ሲደበደብ እናት ምን እንደምትሆን ስለሚያውቅ ነው።

አራተኛ፦ አርባ ስምንቱ ሰዓት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ደርሶብናልና።

ከመካከላችን አንዱ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ልጅ፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የገበያ ግርግር ሲያነሳ ካሜራው ተቀማ፤ እሱም ወደ ጣቢያ ተወሰደ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አንናገርም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ አይደለም። ምሽት ላይ ሄድን። «መርማሪው ወጥቷል፣ ሰኞ ኑ» ተባልን። ቅዳሜ ምግብ አስገባን። እሁድ ቅያሪ ልብስ አስገባን። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ካሜራውን ሰጥተው «ሂድ» አሉት። ክስ አልቀረበም፤ ዳኛም አልታየም። ሰዓቱን ስንቆጥረው ወደ ሰባ ተጠጋ።

ከሁሉ የገረመን ግን የጥበቃ ተረኛው ነው። ጥሩ ሰው ነበር። ለጓደኛችን የራሱን ብርድ ልብስ ሰጥቶታል፤ ዳቦ አካፍሎታል፤ «አይዞህ ወንድሜ» ብሎታል። እሁድ ማታ «ወንድም ጋሼ፣ 48 ሰዓት እኮ ሞላ» ብንለው ግን ከልቡ ተገርሞ «ቅዳሜና እሁድ ይቆጠራል እንዴ?» አለን።

ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ ከ48ቱ ሰዓት የሚቀንሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። ሰንበት አልቀነሰም። ለዚህ ነው አርብ ማታ መታሰር በአገራችን የሚፈራው፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ሰው ጠላቱን አርብ ማታ የሚያስይዘው። ያ ተረኛ ብርድ ልብሱን የሰጠው ደግ ስለሆነ ነው። ሕጉን ቢያውቅ ኖሮ ግን ጓደኛችን ብርድ ልብስ ባላስፈለገው ነበር። ለእኛ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ደግነት ሕግን አይተካም።

አምስተኛ፦ ስለ ዱላ። «ሌባ ካልተመታ አያምንም» የሚል ፖሊስ ሁለት ነገር አላወቀም። አንደኛ፣ በዱላ የወጣ ቃል ፍርድ ቤት አይቀበለውም፤ ስለዚህ እውነተኛውን ሌባ ሳይቀር ነጻ ሊያወጣው ይችላል። ሁለተኛ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 መሠረት የያዘውን ሰው የሚያስፈራራ ወይም በጭካኔ የሚያሠቃይ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርስበታል። ከሕግ ውጪ ያሰረም እንደዚሁ በአንቀጽ 423 ይጠየቃል። በ2010 የተዘጋው ማዕከላዊ ለስንት ዓመት «የእምነት ቃል» ሲያመርት ኖረ። ከዚያ ቤት የወጣ ማንም ሰው ወንጀል እንደቀነሰ አልነገረን፤ የነገሩን ስለ ጨለማ ክፍሎቹ ነው።

ስድስተኛ፦ መመዝገብ። ሥልጣን ማለት ማሰር ብቻ አይደለም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፖሊስ የደረሰው መረጃ የሚያጠራጥር ቢመስለው እንኳ ይመርምር ይላል። ይህን የምንጽፈው እንደ ሴትም ነው። ከማታ ፈረቃ ወጥታ ወደ ኪራይ ቤቷ ስትሄድ የተደፈረች የፋብሪካ ሠራተኛ ጣቢያ ሄዳ «በዚህ ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?» ከተባለች፣ ያ ፖሊስ ሥልጣኑን አልተላለፈም፤ ሥልጣኑን ጣለው። በግንቦት 2015 በከተማችን አንዲት ወጣት ተጠልፋ፣ ተጠርጣሪው የከንቲባ ጠባቂ የነበረ ሰው ነው ተብሎ ሲዘገብ አገር ሁሉ የተንጫጫው በከንቱ አይደለም። ጠባቂው ካስፈራን ማንን እንጥራ?

«ታዘዝኩ»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ፖለቲካው ሰተት ብሎ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ ገና እንድህ ነበር። የሀዋሳን አስተዳደር ለመለወጥ የታሰበውን የተቃወሙ የሲዳማ ተወላጆች ሎቄ ላይ ሰልፍ ወጡ። ፖሊሶችና ወታደሮች ተኮሱ። ብዙ ሰው ሞተ። ቁጥሩ እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ሐዘኑ ግን አይለያይም። ዛሬም ድረስ በየዓመቱ ሎቄን የሚያስብ ሰው አለ።

ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሲመጣ ደግሞ እኛ ደብተር ይዘን ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ነበርን። ሰው ሁሉ «11/11/11» እያለ የሚጠራት ቀን። የክልልነት ጥያቄው ቀን ቆጥሮ በሀዋሳና በሌሎች የሲዳማ ከተሞች ረብሻ ተነሳ። አንዳንዱ በጥይት ሞተ፤ አንዳንዱ በመንጋ ተመታ፤ የሰው ቤትና ንብረት ነደደ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልል የራሱን ፖሊስ የማቋቋም ሥልጣን ይሰጣል። ትናንት የተተኮሰበት ሕዝብ ልጅ ዛሬ ራሱ መሣሪያ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መለዮው ስለተቀየረ ብቻ ጥይቱ አይለወጥም።

ሎቄ ላይ ምላጭ የሳበው ሰው ዛሬ ቢጠየቅ የሚመልሰውን ሁላችንም እንገምታለን፤ «ታዘዝኩ» ይላል። ወንድማችንም በሰልፍ ሜዳ ቀን ከሌት የሚማረው ይህንኑ ነው፦ መታዘዝ። መታዘዝ የሌለበት ፖሊስ ፖሊስ አይሆንም፤ ይገባናል። ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 አንድ በር ከፍቶ አስቀምጧል። የተሰጠው ትዕዛዝ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ ለምሳሌ ሰው መግደልን የመሰለ ከባድ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ሠራተኛ ራሱ ተጠያቂ ነው። አዛዡም አያመልጥም፤ ታዛዡም አያመልጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ደግሞ ይጨምራል፦ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን ሰውሮ ማጥፋት፣ ኢሰብአዊ ድብደባ የመሳሰሉት በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋ አያግዳቸውም፤ ምሕረትም ይቅርታም አይነካቸውም። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆኖ የፈጸመውን ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ የልጅ ልጁን አቅፎ ሳለ ሊጠየቅበት ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቀው የኃይል አጠቃቀም መርህም ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ያስቀምጠዋል፦ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚቻለው የሰው ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ነው። የተሰበረ መስታወት የሰው ሕይወት አይደለም። የነደደ ጎማም አይደለም።

ይህን ለወንድማችን የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ ትዕዛዙ በመጣ ቀን ብቻውን ነው። አዛዡ ሬዲዮ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ፊቱ ነው፤ ጣቱ ምላጭ ላይ ነው። ያኔ ሕግ የሚማርበት ጊዜ የለውም። የሚያውቀው ካለ ቀድሞ የተማረውን ብቻ ነው።

እኛስ?

ፖሊስን መውቀስ ደስ ይላል፤ ነጻ ነው። ግን እውነት እንነጋገር።

አሮጌ ገበያ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል መጀመሪያ የሚሮጠው ፖሊስ ነው ወይስ እኛ? ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሲረገጥ «ይበለው!» የሚለው ማነው? ጣቢያ ሄደን «ትንሽ ገረፍ ገረፍ አድርጉልን» የምንለው እኛው አይደለንም? ጎረቤታችንን ለማስፈራራት የምናውቀውን ሳጅን ስልክ የምንደውልለት እኛው ነን። አፈሳ ሲመጣ «ጎሽ፣ ከተማው ጸዳ» እንላለን፤ የእኛ ወንድም እስኪታፈስ ድረስ።

ፖሊሱም ሰው ነው። ደሞዙ ለኪራይ አይበቃም። ዝናብ ላይ ያድራል። ሕዝብ ድንጋይ ሲወረውር የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሲያጠፋ ይወቀሳል፤ ሳይደርስ ሲቀርም ይወቀሳል። በሰኔ 2010 በከተማችን ግጭት ተነስቶ ሰው ሲሞት የብዙዎቻችን ጩኸት «ፖሊስ ለምን መጣ?» አልነበረም፤ «ፖሊስ የት ሄደ?» ነበር። ስለዚህ የምንፈልገው የተሽመደመደ ፖሊስ አይደለም። ሥልጣኑ እስከ የት እንደሆነ ስለሚያውቅ የማይፈራና የማያስፈራ ፖሊስ ነው። ድንበሩን የማያውቅ ገበሬ ወይ የራሱን መሬት ጦም ያሳድራል፣ ወይ የጎረቤቱን ያርሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ተቺ ብቻ ናችሁ እንዳትሉን አራት ነገር እናቀርባለን። አንዱም ብዙ ብር አይፈልግም።

ሕጉ በቃል የሚሸመደድ ሳይሆን የሚጫወቱት ይሁን። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ተማሪዎቹ ተጠርጣሪ ሆነው ይተውኑ፤ ሰልጣኞቹ ይያዟቸው፣ ይጠይቋቸው፣ ይፈትሿቸው። የተሳሳተ ይታረም፤ ደጋግሞ የሚሳሳት አይመረቅ። ዒላማ የሳተ ሰልጣኝ ይደግማል አይደል? አንቀጽ 19ን የሳተውም ይድገም።

በየጣቢያው በር ላይ በትልቁ ሰሌዳ ይሰቀል፦ «ለምን እንደተያዝክ የማወቅ፣ ያለመናገር፣ በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት የመቅረብ፣ በቤተሰብና በጠበቃ የመጎብኘት መብት አለህ።» በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ። ተረኛው ጠዋትና ማታ እያየው ይለምደዋል።

በመዝገቡ ላይ ሰው የተያዘበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ፤ ለቅዳሜና እሁድም ተረኛ ዳኛ ይኑር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሀዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ መጥቶ ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየት የሚያሳፍር ነገር መሆን የለበትም።

አራተኛውና ዋናው፦ ሎቄና 11/11/11 በማሰልጠኛ ውስጥ ትምህርት ይሁኑ። የሐዘን ቀን ብቻ ሆነው አይቅሩ። ሰልጣኞቹን ሎቄ ድረስ ይዘዋቸው ይሂዱና «እዚህ ቆመህ፣ ይህ ትዕዛዝ ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱ በአንድ ቀን አይመጣም። ጥያቄው ግን አንዴ ከገባ አይወጣም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ የሚያህል ነገር በዳኛ ብናጣ ይቆረቁረን ይሆናል፤ እንችለዋለን። ጭብጦ የምታህል ነገር፣ አንድ ሰንበት፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ጥፊ፣ ያለ ፍርድ ስትሄድ ግን አትረሳም። ሀዋሳ ብዙ ያለ ፍርድ የሄደ ነገር አላት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ለወንድማችን በስልክ አነበብንለት። ወደ ማሰልጠኛው የሚመለስበት ዋዜማ ነበር። ዝም ብሎ ሰማን። አንቀጽ 74 ላይ ስንደርስ «እስቲ እሱን ድገሙልኝ» አለ፤ ደገምንለት። ትንሽ ቆይቶ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ።

«48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ጣቢያ ከገባ ነው ወይስ እኔ ከያዝኩት?»

«አንተ ከያዝከው» አልነው።

«እሺ» አለ። «ሰዓት መግዛት አለብኛ።»

ቸር ይግጠመን!